በእስራኤል የአንድ ዓመት ቆይታ፦ ማክሰኞ ቀን ምን ይሠራል?

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት እስራኤል ለሚቆዩ አይሁድ ወጣቶች የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ማስታወቂያቸው ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ኮተል (የምዕራቡ ግንብ)፣ ማሳዳ ምሽግ ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሙት ባሕር ላይ ተንሳፎ የሚስቅ ልጅ፣ የቴል አቪቭ አሸዋ። እነዚህ ጉብኝቶች በሁሉም ፕሮግራም ስላሉ ለመምረጥ አይጠቅሙም። ቆይታው 9 ወር ከሆነ ጉብኝቱ ጥቂት ሳምንት ብቻ ይወስዳል፤ የቀረው ተራ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ እዚህ ፕሮግራሞቹን የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። የካቲት ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ማክሰኞ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ ልጃችሁ የት ነው? ምን ይሠራል? ቢቀር «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ? (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን በለመድነው በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ብዙ ሰው «ማሳ» ሲባል አንድ ፕሮግራም ይመስለዋል። ማሳ በዕብራይስጥ ጉዞ ማለት ሲሆን፣ በ2004 የእስራኤል መንግሥትና የአይሁድ ኤጀንሲ፣ ማለትም ሶኽኑት የምንለው፣ ያቋቋሙት ጥላ ድርጅት ነው። ከ18 እስከ 40 ዓመት ለሆናቸው የሚሆኑ ፕሮግራሞችን ይመዘግባል፣ መስፈርት ያወጣል፣ ለተሳታፊው ድጎማ ይሰጣል። ልጁን ኤርፖርት የሚቀበለው፣ ቤት የሚሰጠው፣ ሲታመም ሐኪም ቤት የሚወስደው ግን ፕሮግራሙን የሚያካሂደው ሌላ ድርጅት ነው። በማሳ ሥር ያሉ ሁለት ፕሮግራሞች የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። የማሳ ስም መኖሩ ለድጎማው፣ ለቪዛው ወረቀትና ለጉዞ ፀጥታ ይጠቅማል። የማክሰኞውን ቀን ግን ማሳ አይሞላውም። ታግሊት ከሚባለው የ10 ቀን ነጻ ጉዞ ጋርም አይምታታባችሁ፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

ብቁነቱ የሚመዘነው በ1950ው የመመለስ ሕግ ነው። ሕጉ በ1970 ሲሻሻል የአይሁዳዊ ልጅና የልጅ ልጅ ከነትዳር ጓደኞቻቸው ገብተዋል። የሚጠየቁት የልደት የምስክር ወረቀት፣ የወላጆች ሰነድና ከማኅበረሰቡ ራቢ የተጻፈ ደብዳቤ ናቸው። በእኛ በኢትዮጵያ አይሁድ ቤተሰቦች ዘንድ በተለይ ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው የስምና የልደት ቀን አለመመሳሰል ነው፤ በአንዱ ወረቀት የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገኛል፣ በሌላው የአያት ስም ይተካዋል፣ የልደት ቀኑ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ እንዲሁ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል። ይህን ማረም ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ሁለተኛው፣ ከኢትዮጵያ ከመጡት ብዙዎቹ እስራኤል የገቡት በመመለስ ሕጉ ሳይሆን በ1952ቱ የመግቢያ ሕግ፣ በመንግሥት ውሳኔ መሆኑ ነው። አጎቱ የገቡበት መንገድ ለልጁ ላይሠራ ይችላል። ብቁ ነው የሚል መልስ በጽሑፍ ሳይመጣ ቀብድ አትክፈሉ።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ። ከወላጆቹ አንዱ እስራኤላዊ ዜጋ ከሆነ ልጁ ቶሮንቶ ወይም ዋሽንግተን ቢወለድም አብዛኛውን ጊዜ እሱም ዜጋ ነው። ዜጋ በተማሪ ቪዛ አይገባም፤ የሚገባው በእስራኤል ፓስፖርት ነው፣ የውትድርና መዝገብም ይመለከተዋል። ስለዚህ በመኖሪያ አገሩ ወዳለው የእስራኤል ቆንስላ ሄዶ መዝገቡን ማስተካከልና ለቆይታው የሚሆነውን የውትድርና ፈቃድ አስቀድሞ በእጁ ማድረግ አለበት። ይህን የፕሮግራሙ ቢሮ ሊፈታው አይችልም። ሳይስተካከል የገባ ልጅ ችግሩን የሚያውቀው ለፋሲካ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲወጣ ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊሆን ይችላል። ዜጋ ላልሆነ ልጅ ግን ዓመቱን እዚያ መቆየት በራሱ ውትድርና አያስከትልም፤ ወላጆች ይህን ደጋግመው ስለሚጠይቁ በግልጽ መጻፉ ይሻላል።

ዜጋ ላልሆኑት ቪዛው እንደ ሥራው ይለያያል። ትምህርት ለሚበዛበት ኤ-2 የተማሪ ቪዛ፣ ፈቃደኛ አገልግሎት ለሚበዛበት ቢ-4 ይሰጣል። በሁለቱም ተቀጥሮ ደመወዝ መብላት ክልክል ነው፤ ካፌ ሠርቼ የኪስ ገንዘብ እሸፍናለሁ ብሎ ማቀድ አያዋጣም። ያለ ቪዛ የሚገቡ አገሮች ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከመሳፈሩ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ክፍያው 25 ሸቀል ነው። ይህ ፈቃድ የሚያስገባው ለ90 ቀን ጉብኝት ስለሆነ የዓመቱን ቪዛ አይተካም። «ግቡ፣ ቪዛውን እዚህ እንጨርሳለን» የሚል ፕሮግራም ካጋጠማችሁ ማን፣ በየትኛው ወር፣ በማን ወጪ እንደሚጨርሰው በጽሑፍ ጠይቁ።

ወደ ፕሮግራሞቹ እንምጣ።

ዕድሜ ጠገቦቹ የወጣት ንቅናቄዎች ናቸው። «ማኾን» የሚባለው የማድሪኾች፣ ማለትም የወጣት መሪዎች፣ ማሠልጠኛ ከ1946 ጀምሮ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከውጭ የሚመጡ የንቅናቄ መሪዎችን ሲያሠለጥን ኖሯል። የሃቦኒም ድሮር «ዎርክሾፕ» ከ1951፣ የያንግ ጁዴያ «ይር ኮርስ» ከ1956 ጀምሮ አሉ። ትልቁ ሀብታቸው ቡድኑ ነው። ልጆቹ ከበጋ ካምፕ ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ አልጋ ላይ ሲውል ሌላው ይቀሰቅሰዋል። በአንዳንዱ ገንዘቡም የጋራ ነው፤ «ኩፓ» የሚሉት አንድ ካዝና ተቀምጦ ለአውቶቡስም ለአይስክሬምም የሚወጣው በስብሰባ ይወሰናል። እንዲህ ያለ ኑሮ ለሚወድ ልጅ ከዚህ የተሻለ ዓመት አይገኝም። ብቻውን መሆን የሚያሳርፈው ልጅ ግን ይታፈናል። ከንቅናቄው ውጭ ለሚመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው፤ ዘፈኑንም ቀልዱንም ሁሉም ያውቀዋል፣ እሱ ብቻ አያውቀውም። ከተሳታፊዎቹ ስንቱ ከውጭ እንደሚመጣ ጠይቁ፤ በጣት የሚቆጠሩ ከሆኑ ልጁ ቢያንስ ሁለቱን በስልክ ተዋውቆ ይሂድ።

በከተማ አፓርታማ ኖሮ በሳምንት ጥቂት ቀን ኢንተርንሺፕ ወይም ፈቃደኛ ሥራ መሥራት ሌላው መንገድ ነው። አርድቫርክ እስራኤል በቴል አቪቭና በኢየሩሳሌም በዚህ ዓይነት ይሠራል። ነጻነቱ ብዙ ነው፤ ችግሩም የሚመነጨው ከዚያው ነው። ዕብራይስጥ የማይናገር የ18 ዓመት ልጅ አንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ሲገባ አለቃው የሚሰጠው ሥራ አያገኝም፤ በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን እያየ ይቀመጣል፣ በአምስተኛው መሄዱን ይተዋል። ስለዚህ «ኢንተርንሺፕ አለ» የሚለው መልስ አይበቃም። የቦታው ስም፣ ቀኖቹ፣ የቢሮው ቋንቋ፣ ተጠሪው ማን እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት እዚያ የነበረው ልጅ በእጁ የሠራው ነገር ምን እንደነበረ ይነገራችሁ። ለዚህ ዕድሜ ከቢሮ ይልቅ መዋእለ ሕፃናት፣ የአረጋውያን ቤት ወይም የከተማ ጓሮ አትክልት ይሻላል እንላለን። እዚያ ሥራው ራሱ ይጠራል፤ ሕፃን የሚጎትተው ልጅ ስልኩን አያይም።

ከፈቃደኛ ሥራዎቹ ሁሉ ማክሰኞን እንደ ማጌን ዳቪድ አዶም የሚሞላ የለም። ይህ በስልክ ቁጥር 101 የሚጠራው የእስራኤል የአምቡላንስ አገልግሎት ነው። ከውጭ የሚመጣው ፈቃደኛ መጀመሪያ 60 ሰዓት ያህል የሚፈጅ ኮርስ ይወስዳል። ልብና ሳንባን ማንቀሳቀስ፣ ደም ማቆም፣ ስብራት ማሰር፣ የደም ግፊት መለካት፣ የአምቡላንሱን ዕቃ በቦታ በቦታው ማወቅ ይማራል፤ በመጨረሻ የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለ። ካለፈ በኋላ አንድ ጣቢያ ተመድቦለት ከሾፌሩ ጋር ይወጣል። ፈረቃው 8 ሰዓት ነው፦ ከጠዋቱ 1 እስከ ከሰዓት በኋላ 9፣ ከ9 እስከ ማታ 5፣ ከማታ 5 እስከ ንጋት 1።

እዚህ የሚበላሸው በአብዛኛው ቋንቋው ነው። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ሊሰጥ ይችላል፤ አምቡላንሱ ውስጥ ግን ሾፌሩም ታማሚውም ዕብራይስጥ ነው የሚያወሩት። ቃላቱን ሳያውቅ የገባ ልጅ ቦርሳ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ብቻ ይደርሰዋል፤ ከአንድ ወር በኋላም «አይጠቅመኝም» ብሎ ይተወዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመሄዱ በፊት አርባ ሃምሳ ቃል በቃሉ ይያዝ፦ «ኤፎ ኮኤቭ» የት ያምዎታል፣ «ላሓጽ ዳም» የደም ግፊት፣ «ሱካር» ስኳር፣ «ነሺማ» ትንፋሽ፣ «አሉንካ» ቃሬዛ። ቁጥሮችን ደግሞ ሳያስብ እስኪናገር ያጥና፤ የግፊት ልኩን ጮክ ብሎ የሚያነበው እሱ ነው፣ «መአ ዔስሪም ዓል ሽሞኒም» (120 በ80) ለማለት ቆሞ ከቆጠረ ሾፌሩ በሚቀጥለው ጥሪ መለኪያውን ይቀማዋል። አማርኛ የሚናገር ልጅ እዚህ ልዩ ጥቅም አለው፤ ዕብራይስጥ በማያውቁ አንዲት እናት ቤት «እማማ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው እሱ ብቻ የሚሆንበት ቀን አለ። ሬሳ ማየትም አይቀርም። ከከባድ ጥሪ በኋላ ልጁን የሚያነጋግረው ማን እንደሆነ ፕሮግራሙ ስም ጠርቶ መመለስ አለበት።

ለሃይማኖተኛ ቤተሰብ የሺቫ (የወንዶች የቶራ ትምህርት ቤት) እና ሚድራሻ (የሴቶቹ) አሉ። ማክሰኞ ቀን ባዶ የማይሆንበት ቦታ ካለ ይኸው ነው። ከጠዋት ጸሎት በኋላ ከሐቭሩታው ጋር፣ ማለት ከጥናት ጓደኛው ጋር፣ ገማራ (ታልሙድ) ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ከዚያ የራቢው ሺዑር (ትምህርት)፣ ምሳ፣ ሚንሓ (የከሰዓት ጸሎት)፣ የከሰዓት ጥናት፣ ከእራት በኋላ ደግሞ የማታው ሴደር (የጥናት ክፍለ ጊዜ) አለ። በጉሽ ዔጽዮን አሎን ሽቩት የሚገኘው ሃር ዔጽዮን የሺቫ በ1968 የተመሠረተ ሲሆን ከውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን ከእስራኤላውያን ጋር አቀላቅሎ ያስተምራል። ለሴቶች ኢየሩሳሌም ያለው ሚድረሼት ሊንደንባውም በ1976 ብሩሪያ በሚል ስም ነበር የተጀመረው፤ ሴቶች ገማራን ከምንጩ እንዲያጠኑ በር ከከፈቱት አንዱ ነው። ሃር ዔጽዮን ያለበት ቦታ ምዕራብ ዳርቻ ስለሆነ የመድን ውላችሁ ያንን አካባቢ መሸፈኑን አንብቡ።

የሺቫው ላይ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንዱ ሐቭሩታ ነው። አንዱ ፈጣን ሌላው ዘገምተኛ ከሆነ ዘገምተኛው ዝም ይላል፣ ፈጣኑ ይሰለቻል፣ ሁለቱም ቤተ መድራሹን፣ ማለት የጥናት አዳራሹን፣ መሸሽ ይጀምራሉ። መቀየር ነውር አይደለም፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው መቀየር ያለበት፣ ከሐኑካ በኋላ ሁሉም ተጣምሮ አልቋል። ሁለተኛው «ቤን ሃዝማኒም» የሚባለው የዕረፍት ወቅት ነው። የጥናቱ ዘመን በአይሁድ አቆጣጠር በኤሉል ወር መባቻ (ነሐሴ ገደማ) ይጀምርና ከዮም ኪፑር እስከ ሔሽቫን ወር መባቻ ይቋረጣል፤ ኒሳን ወርም እንደዚሁ። በእነዚህ ሳምንታት ማደሪያው የሚዘጋበት ቦታ አለ። ሻንጣውን ይዞ የዘመድ ሶፋ የሚፈልግ ልጅ ዓመቱ ገና ሳይጀምር ይደክማል። ማደሪያው ክፍት መሆኑን፣ ካልሆነ ልጁ የት እንደሚያድር ነሐሴ ላይ ሳይሆን ስትመዘገቡ ተነጋገሩበት።

መኺና፣ ማለትም ከውትድርና በፊት እስራኤላውያን ወጣቶች የሚገቡበት የአመራር ትምህርት ቤት፣ ለውጭ ልጆች ቦታ ሲሰጥ ዕብራይስጥ ለሚችል ልጅ እጅግ ጥሩ ነው፤ ለማይችል አይሆንም፣ ቀልዱም ክርክሩም እንቅልፍ ማጣቱም በዕብራይስጥ ነውና። ኪቡጽ (የጋራ የእርሻ መንደር) ላይ ግማሽ ቀን ሥራ ግማሽ ቀን ዑልፓን፣ ማለት የዕብራይስጥ ትምህርት፣ ያለበት ኑሮም አለ። ሥራው ወጥ ቤት፣ ከብት ቤት ወይም ተምር ለቀማ ነው፣ ከተማ ለሚወድ ልጅ ይርቃል።

ዑልፓኑን በተመለከተ አንድ መመዘኛ ያዙ። ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠው መደበኛ ዑልፓን 5 ወር፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በጠቅላላው 500 ሰዓት ነው። ደረጃው ከአሌፍ ተነሥቶ ቤት፣ ጊመል እያለ ይወጣል። የዓመት ፕሮግራሞች «ዑልፓን አለን» ሲሉ ብዙዎቹ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው የሚሰጡት፤ በ25 ሳምንት በሳምንት 4 ሰዓት ብትቆጥሩት 100 ሰዓት ነው፣ የመደበኛው አንድ አምስተኛ። በዚያ መጠን ልጁ አቀላጥፎ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ዕብራይስጡ ዋና ዓላማ ከሆነ የሰዓቱን ብዛት አስቀድማችሁ አስሉ።

አሁን የቀን መቁጠሪያው። አብዛኛው ፕሮግራም የሚጀምረው ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም ላይ ነው። ከዚያ ሮሽ ሃሻና፣ ዮም ኪፑር፣ ሱኮት ተከታትለው ይመጣሉ። በዚህ ወር እስራኤል ውስጥ ማንኛውንም ነገር ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ «አሓሬ ሃሓጊም»፣ ከበዓላቱ በኋላ። ዑልፓኑ ከበዓላቱ በኋላ፣ የፈቃድ ሥራው ከበዓላቱ በኋላ፣ የቪዛ ቀጠሮው ከበዓላቱ በኋላ። አዲስ የገባ ልጅ ሦስት አራት ሳምንት ሥራ ፈቶ ይቀመጣል፤ ሌሊት መንቃት፣ ቀን መተኛት የሚለምደው ያኔ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማስተው ያስቸግራል። ጥሩ ፕሮግራም ይህን ወር በጉዞ፣ በቃላት ጥናትና በሰሊሖት (የምሕረት ጸሎት) ሌሊቶች ሞልቶ ያዘጋጀዋል። የመስከረምንና የጥቅምትን ዝርዝር መርሐ ግብር ለብቻው ጠይቁ።

ከዚያው በኋላ፣ ዮም ኪፑር ካለፈ በ50ኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29፣ የቤተ እስራኤል በዓል ሰግድ ነው። በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ ትልቁ ጸሎት የሚደረገው ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ነው። አብዛኛው የዓመት ፕሮግራም በመርሐ ግብሩ ላይ አያስገባውም። ልጁ ለማድሪኹ በጊዜ ቢነግረው ቡድኑን ይዞ መሄድ ከባድ አይደለም፤ ጓደኞቹ ቄሶቹን በጃንጥላቸው ሥር ቆመው ኦሪት በግዕዝ ሲያነቡ ቢሰሙ ብዙ ነገር ይገባቸዋል።

ዋጋው ላይ እንቁም። የ9 ወር ፕሮግራም ሙሉ ክፍያ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ከዚያ ላይ የማሳ ድጎማ ይቀነሳል፤ መጠኑ እንደ መጡበት አገርና እንደ ቤተሰቡ ገቢ ስለሚለያይ የጎረቤት ልጅ ያገኘውን አትቁጠሩ። ድረ ገጹ ላይ ያለው ዋጋ ድጎማው ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አውሮፕላኑ፣ የፖላንድ ጉዞው፣ ራቭ ካቭ የሚባለው የትራንስፖርት ካርድ፣ የሻባት ምግብ በውስጡ አሉ? የምግብ ገንዘብ በካርድ የሚሰጥ ከሆነ በሳምንት ስንት ሸቀል እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያ አንድ የእስራኤል ሱፐርማርኬት ድረ ገጽ ከፍታችሁ የሳምንት ዶሮ፣ እንቁላል፣ ሩዝ፣ አትክልትና ወተት ደምሩ። ሂሳቡ ካልገጠመ ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ከደመራችሁት በላይ ለኪስ መያዝም ያስፈልጋል፤ ነጻ የሻባት ቀኖች ገንዘብ ያስወጣሉ።

ነጻ ሻባት ማለት ፕሮግራሙ መርሐ ግብር የማይሰጥበት ቅዳሜ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል አውቶቡስና ባቡር ይቆማሉ፤ ሐይፋ ከድሮም የተለየች ናት፣ በቴል አቪቭ አካባቢም ከ2019 ጀምሮ የከተማ አስተዳደሮቹ የሚያካሂዱት መስመር አለ። ሌላ ቦታ ዓርብ 9 ሰዓት ላይ መንገድ የጀመረ ልጅ መሃል ላይ ሊቀር ይችላል። ዘመድ ያላቸው ልጆች ረሐቮት፣ ነታንያ፣ አሽዶድ ይሄዳሉ፤ ዘመድ የሌለው ባዶ አፓርታማ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ፕሮግራሙ የሻባት ቤተሰብ ያገናኛል ወይ? ካላገናኘ ከመሄዱ በፊት ሁለት ሦስት ቤት እናንተው አዘጋጁለት።

ስለ አፓርታማው ከፎቶ የማይታዩ ነገሮች አሉ። ኢየሩሳሌም 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይዘንባል፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ብርዱ ከእግር ይገባል። ወፍራም ካልሲና የቤት ጫማ ሻንጣው ውስጥ ይግባ። ሙቅ ውሃው የሚመጣው ጣሪያ ላይ ካለው «ዱድ» ከሚሉት የውሃ ታንክ ነው። በበጋ ፀሐይዋ ታሞቀዋለች፤ በክረምት ግን ማብሪያውን ተጭኖ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ቀይ መብራቱ ሲበራ እየሠራ ነው። ታንኩ ብዙ ጊዜ 120 ወይም 150 ሊትር ነው፤ ስድስት ልጅ በተከታታይ ቢታጠብ አምስተኛው በቀዝቃዛ ይወጣል። ማብሪያውን ሌሊቱን ሙሉ ትቶ መተኛትም የመብራት ሂሳቡን ያንረዋል፣ ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል ውሉን እዩ። መታጠቢያ ቤቱና ግድግዳው ላይ ሻጋታ እንዳይወጣ በዝናብ ወቅትም በቀን አንዴ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት።

ከጥቅምት 2023 ወዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ፀጥታ ነው። መልሱን ግን «ደህና ነው» በሚል ቃል አትቀበሉ። አፓርታማው ውስጥ ማማድ፣ ማለት የተጠናከረ ክፍል፣ አለ? ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩ ቤቶች ግዴታ ነው፤ አሮጌ ሕንፃ ከሆነ ግን ምድር ቤት ያለ ሚክላት (የጋራ መጠለያ) ወይም የደረጃው ሥር ነው ያለው። ከአልጋው እስከዚያ ስንት ደረጃ ነው? የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ላይ 90 ሴኮንድ፣ ስዴሮት ላይ 15 ሴኮንድ ነው ያለው። ሚክላቱ የተቆለፈ ከሆነ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ይህን ያልሞከረ ቡድን ሌሊት ላይ ደረጃው ላይ ይተራመሳል። የፒኩድ ሃኦሬፍን፣ ማለት የጦሩን የሲቪል መከላከያ ክፍል፣ መተግበሪያ ስልኩ ላይ ይጫን፣ ስልኩ ሌሊት ድምፁ እንዳይጠፋ ይስተካከል። በሰኔ 2025 ከኢራን ጋር በተደረገው ጦርነት የአየር ክልሉ ተዘግቶ ነበር፤ ስለዚህ ውሉ ላይ የሚፈለገው አንቀጽ ፕሮግራሙ በጦርነት ምክንያት ቢቋረጥ ገንዘቡ በምን ሂሳብ እንደሚመለስና መውጫ ትራንስፖርቱን ማን እንደሚከፍል የሚናገረው ነው። ብዙ የጉዞ መድን ውሎች ጦርነትን አይሸፍኑም፤ ያንን ገጽ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ፕሮግራሙ የሚሰጠው የጤና መድን አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ ሕመምን እንጂ ነባር ሕመምን አይሸፍንም፤ ጥርስም ከሕመም ማስታገሻ በላይ አይሄድም። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ የመድኃኒቱን የኬሚካል ስም የያዘ የሐኪም ደብዳቤ ይያዝ፤ የንግድ ስሙ እስራኤል ውስጥ ሌላ ሊሆን ወይም ጭራሽ ላይሸጥ ይችላል። የትኩረት ችግር መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች እዚህ ላይ በጣም ይቸገራሉ፤ ነሐሴ ላይ መድኃኒቱን ትተው «አዲስ ሕይወት» ለመጀመር የሚሞክሩም አሉ፣ ይህ ያለ ሐኪም ምክር መደረግ የለበትም። ጭንቀት ወይም ድብርት የነበረበት ልጅ ከሆነ ቅጹ ላይ ሳትደብቁ ጻፉት። የደበቀ ልጅ ሲታመም ማድሪኹ ምን እንደሚያይ አያውቅም፣ መድኑም ሊከለክለው ይችላል።

ዩኒቨርሲቲውን በተመለከተ የሚሻለው አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለ አመልክቶ፣ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ከዚያ ለአንድ ዓመት ማዘግየት ነው። የማዘግየቱ ፈቃድ በጽሑፍ ይምጣ፤ የተሰጠው ስኮላርሺፕ ለሚቀጥለው ዓመት መቆየቱንም ደብዳቤው ይናገር። «የኮሌጅ ክሬዲት እንሰጣለን» ለሚል ፕሮግራም ክሬዲቱን የሚቀበለው የልጁ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጠይቁ፣ ከፕሮግራሙ ሻጭ አይደለም።

በመጨረሻ ፕሮግራሙ ከቀድሞ ተሳታፊዎች ጋር እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ። እነሱ የሚመርጡላችሁ ደስተኛውን ነው፤ እናንተ ሁለተኛ ስም ጨምሩ፣ መሃል ላይ ትቶ የሄደ ልጅ ካለ። ሁለቱንም ስለ ማሳዳ አትጠይቋቸው። የካቲት ላይ ማክሰኞ ስንት ሰዓት ይነሡ እንደነበር፣ ማን እንደቀሰቀሳቸው፣ ምሳ የት እንደበሉ፣ ታመው አልጋ ላይ በዋሉበት ቀን በር ያንኳኳ ማድሪኽ እንደነበረ ጠይቋቸው። ከዚያ ሁለቱ የሰጡትን መልስ ፕሮግራሙ ከላከላችሁ መርሐ ግብር ጋር አስተያዩት።